ለፋሲካ 18 እንግዳ፣ ሁለት ምድጃ፣ ጾመኛ አብሳይ፦ ከየት ልጀምር?

ባለ ሁለት ምድጃ
ሰላም ለዚህ ቤት። የዘንድሮው የፋሲካ ምሳ ተራ እኛ ጋ ነው። ልጆችን ሳይጨምር 18 ሰው ይመጣል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ያለኝ ባለ ሁለት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ አንድ ቡታ ጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና መካከለኛ ፍሪጅ። ያሰብኩት ዶሮ ወጥ፣ የበግ ጥብስ፣ ዱለት፣ አይብ፣ ድፎ ዳቦና ቡና ነው። ስንት ዶሮ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ልግዛ? ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያን ስለማድር ወጡ መቼ ይሠራ? ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ጨው ነው። ጾመኛ ሆኜ፣ ሳልቀምስ፣ ለ18 ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምለካው?

የጓዳ ሰው
እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። አንድ ዶሮ በወጉ ሲበለት 12 ይወጣዋል። ለ18 ሰው ሁለት ሁለት ብልት ብትይ 36 ነውና ሦስት ዶሮ ይበቃል። አንገትና ጀርባ ለእንግዳ እንደ ሙሉ ብልት አይቀርቡም፤ ግን ጥብስ ስላለ ብዙው ሰው በአንድ ብልት ያቆማል፣ ይቻቻላል። እንቁላል 24 ቀቅዪ፤ ስድስቱ ለልጆችና ሲላጥ ለሚቦጨቀው ነው።

ቀይ ሽንኩርት ተልጦ 7 ኪሎ (ከገበያ 8 ኪሎ ግዢ፣ ልጣጩና ጫፉ ይሄዳል)፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ፣ ዘይት ሦስት ሩብ ሊትር፣ የተነጠረ ቅቤ 600 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 150 ግራም፣ ዝንጅብል ከዚያ ትንሽ አነስ ያለ፣ መከለሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ቅቤውን ጥሬውን የምትገዢ ከሆነ አንድ ኪሎ ያዢ፤ ሲነጠር አሬራው ወጥቶ ሦስት ሩብ ገደማ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ጨው። መፍትሔው መለኪያ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው። ቁሌቱን በዘይት ብቻ ከሠራሽው የጾም ምግብ ነው፤ የዕለቱን ጾም ከፈታሽ በኋላ እንደ ልብሽ ትቀምሺዋለሽ። ስለዚህ ቁሌት የቅዳሜ ሥራ መሆኑ ይቅር። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ ይለቅ፣ ፍሪጅ ይግባ። አክፍሎት የምትይዢ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የምትቀምሺበት ሰዓት የለሽም። ቅዳሜ የሚቀረው ቅቤና ዶሮ ብቻ ይሆናል።

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ልክ ልኩን ጨው አድርጊበት፤ በርበሬሽ ሲፈጭ ጨው የገባበት ከሆነ በሁለት ጀምሪ። ስትቀምሺው ከለመድሽው ትንሽ ጠንከር ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ገና ሦስት ኪሎ የሚሆን ሥጋና ጨው የሌለው ቅቤ ይገባበታል። ጨው ከመጨመርሽ በፊት ደግሞ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ለብቻው አስቀሪ። እሁድ ጠዋት ወጡ ጨው በዝቶበት ከተገኘ የሚያድነው ይኸው ነው። ውሃ ብታክዪበት ወጡ ይቀጥናል እንጂ አይስተካከልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 7ቱን ኪሎ በአንድ ድስት አትጫኚ። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ድስቱ ጥልቅ ሲሆን ውሃው መውጫ ያጣና ሽንኩርቱ መቁላላቱን ትቶ ይቀቀላል። ሦስት ሰዓት ፈጅቶም ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በሁለት ሰፋፊ ድስት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ያለ ዘይት ጀምሪ። ውሃው አልቆ መያዝ ሲጀምር ዘይቱ ይግባ፤ ቡናማ ሲል በርበሬው። በርበሬ ከገባ በኋላ ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ እያደረግሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ጥሬ ሽታው ሳይጠፋ የወጣ ቁሌት በኋላ በምንም አይሻርም፤ ካረረም መራራነቱ አይለቅም። ብሌንደር ደግሞ ይቅርብሽ። ሽንኩርቱን ጭማቂና መራራ ያደርገዋል፣ ውሃውን ለማድረቅም እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ሰው ሰብስበሽ በቢላ አስከትፊ።

ቅቤ ወዳድ
በአንድ ነገር አልስማማም። ዶሮ ወጥ ላይ ቅቤ መጨረሻ የሚገባ ጌጥ አይደለም። ከቁሌቱ ጋር ካልተቁላላ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ እንግዳው በእንጀራ ሲጠቅስ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ነው የሚያገኘው።

የጓዳ ሰው
ልክ ነሽ፣ ላስተካክል። ቅቤው ቅዳሜ ቁሌቱ ሲሞቅ፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ነው የሚገባው። በዝግታ እሳት ግማሽ ሰዓት አብሮ ይንተክተክ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ማክሰኞ ከበርበሬው ጋር አስገቢ፤ ኮረሪማና መከለሻ ብቻ መጨረሻ ላይ።

ስለ ዶሮው፦ የሐበሻና የፈረንጅ ዶሮ በአንድ ድስት አትቀላቅዪ። የፈረንጁ በ40 ደቂቃ ሲበስል የሐበሻው ሰዓት ተኩል አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ አንዱን ስትጠብቂ ሌላው ከአጥንቱ ይለቃል። በሎሚና በጨው ዘፍዝፈሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቢው። በደንብ ካልታጠበ ለክተሽ ያስገባሽው የጨው ሒሳብ ይበላሻል።

አርብ ስቅለት ነው፣ ለሥራ አትቁጠሪው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ዶሮው ታርዶ ከተጀመረ፣ ሦስቱን መንቀልና መበለት እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ወጡ 9 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ከዚያ ያለው ክፍል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 8 ሊትር የሚፋጅ ወጥ ከነድስቱ ፍሪጅ ቢገባ መሃሉ እስኪነጋ አይቀዘቅዝም፤ እንደ ሞቀ ተከድኖ ማዕድ ቤት ቢያድርም ይበላሻል። ወርድ ባላቸው ሦስት አራት ዕቃዎች አከፋፍዪና እንፋሎቱ ሲቆም፣ ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው፣ ፍሪጅ አስገቢ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቅዳሴ ስትመለሱ የቤተሰቡን ብቻ በትንሽ ድስት አሙቂ። የእንግዳው አይነካ።

እሁድ ስታሞቂው ሁለት ጭልፋ ሙቅ ውሃ ከታች ይግባ፣ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ አንዴ በደንብ ይፍላ። በማማሰያ አታማስዪው፣ ብልቱ ይፈረካከሳል፤ የድስቱን ጆሮ ይዘሽ አወዛውዢው። እንቁላሉ የሚገባው ያኔ ነው። ቅዳሜ ገብቶ ሁለቴ የሞቀ እንቁላል እንደ ላስቲክ ይሆናል።

ምጣዱ
እንጀራውን አትጋግሪ፣ እዘዢ። ለ18 ሰው ከነልጆቹና ከትሪ ምንጣፉ ጋር 50 እንጀራ ነው፤ በአንድ ምጣድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ከስቶቩ ጋር አንድ ላይ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚጥድ ኃይሉ ይደክማል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እስከ ረቡዕ እዘዢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተረከቢ። ትኩስ ሆኖ በፌስታል ከመጣ ወዲያው አውጥተሽ አናፍሺው፤ ካላበ እሁድ ይያያዛል፣ ሰኞ ይሻግታል።

ምጣዱን ለድፎ ዳቦ ተዪው። ሁለት ኪሎ ዱቄት ከ1.2 ሊትር ውሃ ጋር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከላይም ከታችም ኮባ። ምጣድሽ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ከሆነ ሲግል አጥፊው፣ ሲቀዘቅዝ አብሪው፤ በቀጥታ ከተተወ ታቹ አርሮ መሃሉ ሊጥ ይሆናል። የዳቦው ሰዓት ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ነው፣ ስቶቩ ሳይበራ።

መብራት ቢጠፋ ቡታ ጋዙ ለወጡ ይበቃል፤ ሲሊንደሩን ግን ከሐሙስ በፊት አስሞዪ፣ ዋዜማ ላይ ሰልፍ ነው። ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ሰው ያምነዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም የለው፣ መስኮት በተዘጋ ቤት ይገድላል። የቡናውም ከሰል ያው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ለምታበስሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ቁሌት ፍሪዘር ውስጥ ወር ይቆያል፤ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ሠርታችሁ በዶሮ ልክ በከረጢት ከፋፍሉት። በረዶ የሆነ ዶሮ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንዲሟሟ ለየአራት አምስት ፓውንዱ ሙሉ ቀን ስጡት። ቅዳሜ ጠዋት ከፍሪዘር የወጣ ዶሮ ለዚያ ቀን አይደርስም። አፓርታማ ከሆነ በርበሬው ሲገባ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፤ አየር መሳቢያውንና መስኮቱን ቀድማችሁ ክፈቱ።

የበግ ነገር
ዱለቱን ሰርዢ። ከአንድ በግ ጨጓራና ጉበት የሚወጣው ለአምስት ስድስት ሰው ነው፤ ለ18 ሰው ብታቀርቢው ግማሹ ሲበላ ግማሹ ያያል። ለአራጁና ለረዱሽ ሰዎች ጠዋት አቅርቢው፣ ጸጥ ብሎ ያልቃል።

30 ኪሎ የሚመዝን በግ ከነአጥንቱ 13 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይሰጣል። ለጥብስሽ የሚያስፈልገው አጥንት የሌለው ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። በጉን ከጎረቤት ጋር ብትካፈሉ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። እሁድ ከማለዳ 12 ሰዓት ይታረድ፤ የግቢው የጋራ ማረጃ ከ2 ሰዓት በኋላ ወረፋ ነው፣ አራጁንም ሳምንት ቀድመሽ ያዢ። አንድ እውነት ልንገርሽ፦ ከታረደ ጥቂት ሰዓት ያለፈው ሥጋ ጅማቱ ይገትራል፣ ያኔ ቢጠበስ ይጠነክራል። ወይ ወዲያው መጥበስ ነው ወይ ማሳደር። ለምሳ 7 ሰዓት ለስላሳ ጥብስ ከፈለግሽ ቅዳሜ ማረድ ይሻላል።

ስትጠብሺ በአንድ መጥበሻ ከአንድ ኪሎ አትለፊ። ሲበዛ ውሃውን ይለቅና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። እንግዳው ወጡን ሲጀምር የመጀመሪያው ዙር ይጣድ፤ አራቱም ዙር አንድ ላይ መድረስ የለበትም።

ባለ ሁለት ምድጃ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቁሌቱን ረቡዕ፣ እንጀራውን በትዕዛዝ፣ ዱለቱን ለአራጁ። አንድ ቀረ፦ ከ18ቱ ሁለቱ ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው። ምን ላቅርብላቸው?

የጓዳ ሰው
አስቀድመሽ እነሱኑ ጠይቂያቸው፤ ማንም አይቀየምሽም፣ እንዲያውም ያከብሩሻል። ያረድሽውን ሥጋ አይበሉም። ረቡዕ ቁሌት ስትሠሪ በሌላ ድስት ምስር ወጥ በዘይት ሥሪ፤ እሁድ ሽሮ ጣጂ፣ አይብና ጎመን ጨምሪ። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ትሪውም የዶሮው ያልነካው ይሁን። የተቀቀለ እንቁላልም ወጡ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው ይቅረብላቸው። ጠጅና ጠላ ካለሽ ብርጭቆውን ለይ፤ ለስላሳና ብርዝ አጠገባቸው አስቀምጪ።

ማስታጠቢያውን ለአንድ ሰው ብቻ ስጪ፣ ከትልልቆቹ ይጀምር። ትሪ አራት፣ ለየአራት አምስት ሰው። ፈረሰኛው (ለክብር የሚወጣው ብልት) ሦስት ብቻ ስለሆነ ለማን እንደሚወጣ ከመቅረቡ በፊት ተነጋገሩ። ቡናው ላይ ሁለት ጀበና ከጎረቤት ተዋሺ፤ 18 ሲኒ ከአንድ ጀበና አይወጣም፣ እስኪሞላ አቦል የጠጣውና ያልጠጣው ይደባለቃል። ቄጤማውን ጀበናው ከሚመላለስበት መንገድ ላይ አንሺው፣ እርጥቡ ያንሸራትታል።