አርኤስኤስ ፊድ፦ ግማሹ የማይመጣው ለምንድን ነው?

የቆጪዋ
ሰላም ጅማዎች። ወደ 20 የሚጠጉ ድረ ገጾችን በየጠዋቱ አንድ በአንድ መክፈት ዳታ ስለሚጨርስ ሁሉንም ወደ አርኤስኤስ (ድረ ገጾች አዲስ ያወጡትን ለአፕ የሚያሳውቁበት መንገድ፤ ዝርዝሩ ያለበት ፋይል ፊድ ይባላል) አዙሬያቸዋለሁ፦ ዜና፣ የጤና ጥናቶች፣ ሁለት የዩቲዩብ ቻናል። አንድሮይድ ላይ ፊደር የሚባለውን አፕ ነው የጫንኩት። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንዳንዱን አድራሻ ስሰጠው ፊድ አላገኘሁም ይላል። አንዳንዱ ርዕስና ሁለት መስመር ብቻ ያመጣል። ሌሊት ዋይፋይ ላይ ሲያድር ደግሞ ጠዋት የማገኘው የትናንቱን ነው፤ ራሴ ካላደስኩት አያድስም።

ሂርማታ_01
እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጥፋቱ የአፑ ሳይሆን የስልኩ ነው። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ያስተኛዋል። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ፊደር፣ ከዚያ ባትሪ ግቢና ገደቡን አንሺለት። ቀጥሎ ፊደር ራሱ ውስጥ ሁለት ማብሪያ ተመልከቺ፦ በዋይፋይ ብቻ አድስ የሚለውና ቻርጅ ላይ ሳለ ብቻ አድስ የሚለው። የመጀመሪያው ይብራ። ሁለተኛውን አጥፊው፤ ሌሊት መብራት ከሄደ ስልኩ ቻርጅ ላይ የለም ማለት ነውና ምንም አያወርድም። (መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ለእሱ መላ የለኝም።)

ፊድ የለም ለሚለው፦ አፑ ፊዱን የሚያገኘው ገጹ ኮድ ውስጥ የፊዱ አድራሻ ተጽፎ ከሆነ ነው። ካልተጻፈ በእጅ ሞክሪ። ድረ ገጹ የተሠራው በወርድፕሬስ (ብዙ ሰው ድረ ገጽ የሚሠራበት ፕሮግራም) ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽ (/) አድርገሽ ፊድ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል (feed) ጨምሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍታል። ለዩቲዩብ የቻናሉን ገጽ አድራሻ መስጠት ይበቃል። እምቢ ካለ የቻናሉን መለያ ፈልጊ፤ በዩሲ (UC) የሚጀምር 24 ፊደልና ቁጥር ነው። የዩቲዩብ ፊድ የሚሰጠው የመጨረሻዎቹን 15 ቪዲዮዎች ብቻ መሆኑን እወቂ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚለጥፉ መሥሪያ ቤቶችን ግን እርሺያቸው። ሁለቱም የራሳቸው አርኤስኤስ የላቸውም።

ቦሳ_ኪቶ
ሁለት መስመር ብቻ የሚመጣው የድረ ገጹ ባለቤት ስለፈለገ ነው። ወርድፕሬስ ላይ ሙሉ ጽሑፍ ወይም ቅንጫቢ የሚል ምርጫ አለ፤ ሰው ገጹ ድረስ እንዲመጣላቸው ቅንጫቢውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። የቢቢሲ አማርኛ ፊድም ርዕስና አጭር መግለጫ ነው። መፍትሔው ፊደር ላይ የዚያን ፊድ ማስተካከያ ከፍቶ ሙሉውን ጽሑፍ አምጣ የሚለውን ማብራት ነው። ለሁሉም አታብሪው፤ እያንዳንዱን ገጽ ሄዶ ስለሚያወርድ ለመቆጠብ የፈለግሽውን ዳታ መልሶ ይበላዋል። ፊድ ብቻውን ርካሽ ነው፤ አዲስ ነገር ከሌለ በደንብ የተሠራ ሰርቨር (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) «አልተለወጠም» የሚለውን 304 ቁጥር መልሶ ዝም ይላል፣ ፋይሉን አይልክም።

አንድ ያልጠየቅሽው ግን የሚጎዳሽ ነገር አለ። ወርድፕሬስ ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር ፊዱ ውስጥ 10 ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። መስመር ለሦስት ቀን ጠፍቶ ድረ ገጹ 40 ዜና ቢያወጣ 30ው አልፎሻል፤ ፊደር ስልክሽ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይሠራምና። በጣም የምትፈልጊያቸውን፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወጡትን ኢኖሪደር ወይም ፊድሊ የሚባሉት የኢንተርኔት ፊድ ማንበቢያዎች ላይ አድርጊያቸው። የእነሱ ሰርቨር አንቺ ባትኖሪም እየሰበሰበ ይጠብቅሻል። ለማዛወር ከፊደር በኦፒኤምኤል ፋይል (የፊዶችሽ አድራሻ ዝርዝር) አውጥተሽ እዚያ ማስገባት ነው።

ጅሬን_ላይብረሪ
ለጤና ጥናቶቹ በየመጽሔቱ ድረ ገጽ አትድከሚ። ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ የምትፈልጊውን ፈልጊ፤ ለምሳሌ የራሳችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመውን «ኢትዮፒያን ጆርናል ኦፍ ኸልዝ ሳይንስስ» በመጽሔት ስም። ከመፈለጊያው ሳጥን ሥር ክሪኤት አርኤስኤስ የሚል አለ። ብዛቱን ከ15 ወደ 100 ከፍ አድርገሽ አድራሻውን ቅጂ። መጽሔት ብቻ ሳይሆን «ወባ እና ጅማ» ዓይነት ፍለጋም ፊድ ይሆናል። ፍለጋውን አጥብቢው እንጂ ወባ ብቻ ካልሽ ጎርፍ ነው።

የቆጪዋ
ገለቶማ ሁላችሁም። የባትሪው ገደብ ነበር፤ ሌሊቱን አድሶ አደረ። አንድ የወርድፕሬስ ገጽ ብቻ ቀረኝ፦ የፊዱን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ስከፍተው መስመር 2 ላይ ስህተት አለ ይላል።

ሂርማታ_01
ያ ካንቺ አይደለም። ኤክስኤምኤል (ፊድ የሚጻፍበት ቅርጽ) ከመግቢያው መስመር በፊት ምንም ነገር አይፈቅድም፣ ባዶ መስመር እንኳ። አንዱ ፕለጊን (ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ወይም የገጽታው (የቲሙ) ፋንክሽንስ ፋይል ከላይ ወይም ከታች ባዶ መስመር ሲኖረው ፊዱ ላይ ይፈስና ሁሉንም ያበላሻል። የዚያኑ ገጽ የምድብ ፊድ (የአንድ ርዕሰ ጉዳይ ጽሑፎች ብቻ ያሉበት) መሞከርም አይጠቅምም፣ ያው መስመር እዚያም ይወጣል። ለባለቤቱ የስህተቱን ፎቶ ላኪለት፤ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያጠፋ ፊዱን ቢከፍት የትኛው እንደሆነ ያገኘዋል።