«ገና» ስንት ቃል ነው? ጥብቀቱስ በጽሑፍ ይታይ?

አወያይ፦ በዓሉም፣ በዱላና በሩር የሚካሄደው ጨዋታም፣ «ገና አልመጣም» የምንልበት ቃልም በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ «ገና»። ምንጫቸው አንድ ነው? ልጆች እንዳይሳሳቱስ በመማሪያ መጻሕፍት ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ ምልክት ይደረግ? ተከራከሩበት።

ዲያቆን ከደብረ ብርሃን፦ ምንጩ አንድ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው ጾመ ነቢያት ይባላል። ነቢያት «ገና ይወለዳል» እያሉ በተስፋ የጠበቁት ጌታ የተወለደበት ቀን ስለሆነ በዓሉ ገና ተባለ። በዐውደ ምሕረት ስንሰማ ያደግነው ይህንኑ ነው።

መምህርት ከባሕር ዳር፦ ስለ ጾሙ የተናገሩት እውነት ነው፤ የቃሉ ምንጭ ግን ሌላ ነው። እባክዎ ጮክ ብለው ያንብቧቸው። «ገና አልመጣም» ስንል «ና» ይላላል፣ «የገና ዋዜማ» ስንል ይጠብቃል። አንድ ቃል ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጥብቀት ከየት መጣ? በግሪክኛ «ጌና» ልደት ማለት ነው፤ የሚጻፈውም «ን»ን ደግሞ ነው። ግሪክኛ ደግሞ ለአክሱም እንግዳ አልነበረም። በነገሥታቱ ሳንቲሞች ላይ አለ፤ የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም ከግእዙ ጋር በግሪክኛ ተቀርጿል። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ግሪክኛ ይነገርባት የነበረችው የጢሮስ ሰው ነበሩ። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ እርስዎ የሚጠሩበት «ዲያቆን» ራሱ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ሁለቱን ቃላት ያመሳሰላቸው ጽሑፋችን ነው፤ ጥብቀቱን ስለማያሳይ የማይዛመዱት ዘመድ መሰሉ። ጨዋታው ግን ስሙን ያገኘው ከበዓሉ ነው፤ እዚህ ላይ የምንለያይ አይመስለኝም።

ዲያቆን ከደብረ ብርሃን፦ በጨዋታው አንለያይም፤ እረኞች የልደቱን ዜና ሰምተው በበትራቸው ተጫወቱ እየተባለ ይተረካል። ነገር ግን ሕዝብ ለዘመናት የኖረበትን ትርጉም በአንድ የግሪክ ቃል መሰረዝ አግባብ አይመስለኝም።

አርታኢ ከአዲስ አበባ፦ በምንጩ ከመምህርቷ ጋር ነኝ፤ ምልክቱን ግን አልቀበልም። «ታኅሣሥ 29 ገና ነው» የሚለውን ማን ተሳስቶ ያነበዋል? «አለ» የተናገረም የኖረም ነው፤ «ዋና» በውኃ ውስጥም በመሥሪያ ቤትም አለ፤ «ሰፊ» ልብስ ሰፊም ሜዳም ነው። ሁሉንም የሚለየው ዐውዱ ነው። ጥብቀት በየግሡ ውስጥ ስላለ ምልክት እናድርግ ካልን ገጹ በነጥብ ይሞላል።

እናት ከቨርጂኒያ፦ ዐውዱ የሚረዳው ቋንቋውን ቀድሞ ለሚያውቅ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ የተወለደችው ልጄ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ስታነብ «ና»ን አላልታ በገና የሚባለውን የመዝሙር መሣሪያ አደረገችው። «በገና ሲደረደር ጌታው ለምን ይቆጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ መጽሐፉ ሌላ እንድታስብ የሚያደርጋት ምንም ነገር አልሰጣትም።

አርታኢ ከአዲስ አበባ፦ ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን በምልክት የተማረ ልጅ ከፍ ሲል ምልክት የሌለው ጋዜጣ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ልንፈጥር ነው።

መምህርት ከባሕር ዳር፦ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። የልጆች መጽሐፍ የአናባቢ ምልክት አለው፣ ጋዜጣ የለውም፤ አንባቢም አልጠፋም። የእኛ ምልክት ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላሉ ኮምፒውተርም ያውቃቸዋል። እኔ የምጠይቀው ለመዝገበ ቃላትና ለአንደኛ ደረጃ መማሪያ ብቻ ነው።

ዲያቆን ከደብረ ብርሃን፦ በምልክቱ እስማማለሁ። በንባብ ቤት ተማሪው ሲያጠብቅና ሲያላላ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ ያርመዋል፤ መጽሐፍ ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ግን የሚያርመው የለም። በምንጩ ግን አልተረታሁም። መዝገበ ቃላቱ የግሪኩን ሲጽፍ የዐውደ ምሕረቱንም ትርጉም አብሮ ያስቀምጥ።

መምህርት ከባሕር ዳር፦ ያስቀምጥ። ግን «የቃሉ ምንጭ» በሚለው ሥር አይሁን።