የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የአንጀትን ቅርጽ መለካት (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብና የሕክምና ክፍሎቻችን አንድ ፕሮፖዛል በጋራ እንዲያቀርቡ ተስማምተናል። እስካሁን በእጃችን ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ትልቁን አንጀት ከሲቲ ስካን አውጥቶ፣ ዘርግቶ በጠፍጣፋ ካርታ ማሳየት።» እስቲ ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የሒሳብ መምህሯ፦ ጅምሩ ደስ ይላል። ግን የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያረጋገጠው ነገር እዚህ ይይዘናል። ወረቀት ጠቅልለን ቱቦ ብናደርገው አይለጠጥም፤ መልሰን ስንዘረጋው እንደነበረ ነው። አንጀት ግን ልሙጥ ቱቦ አይደለም። ከረጢት ከረጢት እየሠራ፣ በየመካከሉ እየታጠፈ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ገጽ የሆነ ቦታ ሳይለጠጥ ወይም ሳይጨማደድ ጠፍጣፋ አይሆንም። የምናጣውን መምረጥ ግን እንችላለን። ማዕዘን የሚጠብቀውን ዘዴ ከያዝን ትንሽ ክብ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት) ክብ ሆኖ ይታያል፤ መጠኑ ግን ይዛባል።

ራዲዮሎጂስቱ፦ መምህር፣ መጠን ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በሲቲ ኮሎኖግራፊ (ትልቁ አንጀት በጋዝ ተነፍቶ በሚነሳ የሲቲ ምስል) ከ6 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት አይደረግም። 10 ሚሊሜትር ከደረሰ ግን ታካሚው ለኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ለሚደረግ የአንጀት ምርመራ) ይላካል። ካርታው ላይ ብንለካ 7ቱ 10 ሊመስል ይችላል።

የሒሳብ መምህሯ፦ ስለዚህ ካርታው ለማየት ብቻ ይሁን፤ ልኬት ሁሉ ከዋናው ጥምዝ ገጽ ላይ ይወሰድ። ፖሊፕን ከእጥፋት ለመለየትም መዘርጋት አያስፈልግም። ፖሊፕ ጉልላት ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። እጥፋት በወርዱ በኃይል ይጎብጣል፣ በርዝመቱ ያን ያህል አይደለም።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ አንድ ስጋት አለኝ። ጥምዝነት (ገጹ የሚጎብጥበት መጠን) ከሁለተኛ ዲሪቫቲቭ፣ ማለትም ከለውጥ ለውጥ፣ ስለሚወጣ የምስሉን ትንንሽ እንከን ሁሉ ያጎላል። ብናለሰልሰው ደግሞ ትንሹ ፖሊፕ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ግድግዳዎች ሲቀራረቡም ኮምፒውተሩ ያጣብቃቸውና የሌለ ቀለበት ይፈጥራል።

የሒሳብ መምህሯ፦ ለቀለበቱ መፈተሻ አለ። የቱቦውን ሁለት አፎች ዝጋና የጋውስን ጥምዝነት (በየነጥቡ የሁለቱ ዋና አቅጣጫዎች ጉብጠት ሲባዛ የሚገኘውን) በገጹ ሁሉ ደምር። 4π መምጣት አለበት። አንድ የውሸት ቀለበት ካለ 0 ይመጣል፤ ሁለት ካሉ ደግሞ −4π። ይህን ከማንኛውም ልኬት በፊት እናድርገው።

ራዲዮሎጂስቱ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፖሊፕ ላይ ብዙ ተሠርቷል። ቲቢ ባልጠፋበት አገራችን የሚያስጨንቀን የአንጀት ቲቢን ከክሮንስ (አንጀትን ለረጅም ጊዜ ከሚያስቆጣ፣ ተላላፊ ካልሆነ በሽታ) መለየት ነው። ሁለቱም ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ይወዳሉ። የቲቢ ታካሚ «ክሮንስ ነው» ተብሎ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ቢሰጠው በሽታው ሊሰራጭበት ይችላል። ክሮንስ ያለበት ደግሞ ወራት በቲቢ መድኃኒት ሲያልፉ ትክክለኛው ሕክምና ይዘገይበታል። ቅርጻቸውን እዩት። ክሮንስ ብዙ ጊዜ የሚበረታው የደም ሥሮች በሚገቡበት በኩል ነው። ያ ወገን ይደድራል፣ ያጥራል፤ ተቃራኒው ከረጢት ሆኖ ያብጣል። በቲቢ የትልቁ አንጀት መነሻ ይኮማተራል፣ መግቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። እኛ ይህን በዓይን አይተን «ይመስላል» ብለን እንጽፋለን። በቁጥር ብታስቀምጡልን ትልቅ ውለታ ነው።

የሒሳብ መምህሯ፦ ዶክተር፣ ይሄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! የደም ሥር የሚገባበትን ወገን እርስዎ ምልክት ያድርጉልን። እኛ በአንጀቱ መሃል መስመር እየሄድን የሁለቱን ወገኖች ጥምዝነትና ርዝመት እናነጻጽራለን።

ፓቶሎጂስቷ፦ እውነተኛው መልስ በምን ይታወቃል? ግራኑሎማ (በማይክሮስኮፕ የሚታይ የመከላከያ ሕዋሳት ክምችት) በሁለቱም ይገኛል። ባዮፕሲ (ከአንጀቱ ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና) ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል የቲቢ ምርመራውና ለመድኃኒቱ የታየው ለውጥም በመዝገቡ መኖር አለበት።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦ የተጨማደደ አንጀት ላይ ምንም መለካት አይቻልም። በደንብ የተነፋውን ክፍል ብቻ እንያዝ።

ራዲዮሎጂስቱ፦ ልክ ነህ፣ ግን ለጥናት ብለን ማንንም አንነፋም። በኃይል የተቆጣ አንጀት በጋዝ ሲነፋ ሊበሳ ይችላል። ለሕክምና ተብለው የተነሱ የሲቲና የኤምአርአይ ምስሎች ይበቁናል፤ ያውም ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጋር።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፦ «የአንጀት ቲቢንና ክሮንስን በገጽ ጥምዝነት መለየት»። ካርታው ማሳያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ መጠኑ በሚታወቅ የፕላስቲክ ሞዴል እንፈትናለን፣ ከዚያ ወደ ቆዩ ምስሎች እናልፋለን። መምህር የልኬቱን ክፍል፣ ዶክተር የታካሚ መምረጫውን ይጻፉልን።