ሠራተኛው ሲስተሙን አላመነም፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ መዝገብ ቤት ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የሠራተኛውን የግል ማህደር ስካን አድርገን ሲስተም ውስጥ አስገብተናል፤ ግን ማንም አያምነውም። የዕድገት ደብዳቤውን ሊያይ የመጣ ሰው ስክሪኑን ሳሳየው «እሱን ተወውና ዋናውን አምጣ» ይለኛል። አለቃዬ ደግሞ ወረቀቱን አስወግዱ እያሉ ነው። ምን ላድርግ?

ጋሽ ዶሴ
ወረቀቱን እንዳትነካው! መብራት የጠፋ ቀን ምን ልታሳያቸው ነው? የመንግሥት መዝገብ ደግሞ በአለቃ ቃል ብቻ አይወገድም። ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡህ፤ ያኔ ራሳቸው ይረጋጋሉ።

የሰው ሀብቷ
እኛም ጋ እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ፍለጋውን ፈትሽ። በእኛ ሲስተም «ፀሐይ» ብለህ ስትፈልግ «ጸሀይ» ተብላ የተመዘገበችው አትመጣም። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሃይሉም ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ቁጭ ብለዋል። ፊቱ ላይ «ፋይልህ የለም» የተባለ ሰው ሁለተኛ ያምናል እንዴ? በስም መፈለጉን ትተን በማህደር ቁጥር አደረግነው፤ ብዙው ጭቅጭቅ ቀረ።

ቀኑንም እይ። አንዱ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፣ ሌላው በፈረንጅ። በ2005 የተቀጠረው ሰውዬ 2012 ተብሎ ቢገባ የሰባት ዓመት አገልግሎቱ ተበላ ማለት ነው። ጡረታ ባለበት ነገር ማን ይቀልዳል? ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መረጃ አትመህ ስጠው። አይቶ ይፈርምበት፤ ስህተት ካገኘ እዚያው እያየህ አርምለት።

ከለንደን
ሠራተኛው ዝም ብሎ አይደለም የሚፈራው። እዚህ እንግሊዝ ፖስታ ቤቱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራውን «ሆራይዘን» የሚባል የሒሳብ ሲስተም አስገባ። ሲስተሙ የሌለ የገንዘብ ጉድለት ሲያሳይ ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሌባ ተባሉ። ከ900 በላይ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። ከሩቅ ሆኖ የቅርንጫፍ ሒሳብ ውስጥ መግባት እንደሚቻል ግን ለዓመታት ተክዶ ነበር። ፓርላማው ብዙዎቹን ፍርዶች በሕግ የሰረዘው በ2024 ነው። ስለዚህ ማን መቼ ገብቶ ምን እንደቀየረ የሚያሳየው መዝገብ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ባለማህደሩም ማየት ይችል።

አይቲ ነኝ
ልክ ነው፤ ግን ፓስወርዱን ስንት ሰው ነው የሚያውቀው? ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ያ መዝገብ ዋጋ የለውም።

ጠያቂ፦ መዝገብ ቤት ነኝ
ኧረ ጉድ! ሦስታችንም በአንድ ፓስወርድ ነው የምንገባው፤ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል። ሕጉስ ምን ይላል? ስካኑ ማስረጃ ይሆናል?

አይቲ ነኝ
የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ክርክር ሲነሳ ግን አልተነካካም ብለህ ማሳየት አለብህ። ለሦስታችሁም ለየብቻ መግቢያ እንዲከፈትላችሁ ነገ ጠይቅ፤ ያንን ወረቀትም ዛሬውኑ ላጠው።