«የመሬት የካርቦን ዑደት» ሲባል የቱ መሬት ነው?

ቀለሜ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እያረምኩት ያለ ጽሑፍ ውስጥ ይቺ ዓረፍተ ነገር አስቸገረችኝ፤ «ሳተላይቶች የመሬትን የካርቦን ዑደት ለመከታተል ይረዳሉ።» መሬት እዚህ ጋ ሉሏ ናት፣ ከባሕር ውጭ ያለው ነው፣ ወይስ አፈሩ?

ባለ ቅኔ፦ ምን ያከራክራል? የብስ በለውና ተገላገል። ዘፍጥረት 1፥10ን ተመልከት። ከየብሰ፣ ደረቀ የመጣ ነው። መሬትማ በግእዝ አፈር ነው፤ «መሬት አንተ ወውስተ መሬት ትገብእ» ይላል እኮ።

ሰማይ ጠቀስ፦ የብስ ካልከው ረግረጉን የት ልታደርገው ነው? ብዙ ካርቦን ያመቀው እሱ 😀 ለማንኛውም ሳይንሱ የሚለው ከባሕር ውጭ ያለውን ነው። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 በመቶ ገደማውን የሚውጡት ዕፅዋትና አፈር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀችው ኦሲኦ-2 የምትባል ሳተላይት ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ታይና ጋዙ ምን ያህሉን እንደዋጠው ትለካለች። ጌዲ የሚባለው ሌዘር ደግሞ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሆኖ የዛፍ ቁመት ይለካል፣ ከዚያ ተነሥቶ ዛፉ የያዘው ካርቦን ይሰላል። በ2025 የተላከችው ባዮማስ የምትባል ሳተላይት ደግሞ የራዳሯ ሞገድ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ቅጠሉን አልፎ ግንዱ ጋ ይደርሳል። አፈር ውስጥ ያለውን ግን አንዳቸውም በቀጥታ አያዩትም። ከዕፅዋቱና ከአየሩ ድምር የሚበልጠው ካርቦን ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ባለ ቅኔ፦ ይኸው፣ ራስህ መሰከርክ! መሬት አፈር ነው፣ አፈሩን አያዩትም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው ማለት ነው።

እማ ፊደል፦ ኧረ ባክህ! «መሬት ገዛ» ስንል አፈር በጆንያ ሞልቶ ሄደ ማለታችን ነው? ይልቅ እኔን የከነከነኝ ዑደት ነው። ከዖደ፣ ዞረ ነው አይደል? ታቦት ዑደት አድርጎ መንበሩ ይገባል። ካርቦኑ ግን ዛፍ ውስጥ መቶ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ምኑን ዞረ?

ሰማይ ጠቀስ፦ ዛፉ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ወደ አየሩ ይመለሳላ።

ባለ ቅኔ፦ እሜቴ፣ ዐውደ ዓመትም ከዚያው ነው፤ ዓመት ጠብቆ ነው የሚመጣው። መዘግየት ዑደትነቱን አያስቀርም። እኔ ቅኔ ቤት በነበርኩ ጊዜ...

እማ ፊደል፦ መጣ ደግሞ ቅኔ ቤት! ክርክር ሲጠብህ ሁሌ እዚያ ትሸሸጋለህ።

ቀለሜ፦ እሺ፣ መሬት ነው የብስ? አርታኢው ዛሬ ይፈልገዋል።

ባለ ቅኔ፦ «አርታዒ» በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው። ከርቱዕ ነው የመጣው።

እማ ፊደል፦ እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነህ።