ለየትኛው ውጤት ይደወል? የደሴና የኮምቦልቻ ባለሙያዎች ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ፓኒክ ቫልዩ ነው። ላብራቶሪው ወረቀቱን ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲደውል የሚያስገድደው ወሰን በሁለቱ ከተሞች አንድ ይሁን ወይስ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ያውጣ? በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ላይ አንዱ 6.0 ሲል ሌላው 6.5 ይላል።

ሲስተር፣ ኮምቦልቻ፦ አንድ ይሁን እንጂ! እኛ አስቸኳይ ብለን በመሃላችን ባለው በሐረጎ ተራራ ያሻገርነው ሰው ደሴ ሲደርስ ወረፋ ያዝ ይባል?

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ፦ ሲስተርዬ፣ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው። ሌሊት ማን ይደውል? 5.6 ለወጣው ሁሉ ከደወልኩ ተረኛው ሐኪም ሦስተኛው ላይ ስልክ ማንሳት ይተዋል። ያኔ የሚጎዳው 7.2 የወጣለት ነው።

ደግሞ ናሙናውም ይዋሻል። ደሙ በግድ ተስቦ ሲመጣ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሴረሙ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ቀላ ይላል፣ የሴሎቹ ፖታሲየም ወጥቶ ቁጥሩን ያንረዋል። ሰውዬው ደህና ነው። ከኮምቦልቻ ሴንትሪፊውጅ ሳይደረግ (ሴሎቹ በማሽን ተሽከርክረው ሳይለዩ) ሰዓታት ቆይቶ የሚመጣው ቱቦ ላይ ደግሞ ሴሎቹ ስኳሩን መንገድ ላይ ይበሉታል። እኔ ለየትኛው ልደውል?

ሐኪም፣ ድንገተኛ ክፍል፦ ለሁለቱም! «ሴረሙ ቀልቷል፣ ድጋሚ ቅዱ» በለኝ። እኔ እስከዚያ የልቡን ኢሲጂ አነሳለሁ። ዝም ካልከኝ ግን አለቀልን።

ወሰኑን በተመለከተ፣ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሎስ አንጀለሱ ፓቶሎጂስት ጆርጅ ለንድበርግ ነው። መነሻው አሁን ካልታከመ ሕይወት የሚያሰጋ፣ ሊታከም የሚችል ውጤት ነው። የሕክምና ላብራቶሪዎች ዓለም አቀፍ የጥራት መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 15189ም ላብራቶሪው ያሳውቅ ይላል እንጂ ቁጥሩን አይሰጥህም። ተቀምጠን መነጋገር የኛ ሥራ ነው። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ላለ ሰው የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን 9 ቢሆን አዲስ ወሬ አይደለም። ትናንት ደህና ለነበረ ግን ጉድ ነው።

የጤና መኮንን፣ ኮምቦልቻ፦ በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢኑስ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ 1,850 አካባቢ። ከፍታ ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ እንዴት አንድ ወሰን ይሆናል?

ሐኪም፦ እሱ የደም ማነስ ልየታ ላይ ያስፈልግሃል። 5 የወጣለት ሰው ግን ሐረጎ አናት ላይም ይሁን ታች አስቸኳይ ነው።

የታካሚ ልጅ፦ እናንተ ዋርድ ለተኛው ነው የምትከራከሩት። አባቴ ስኳራቸው ወርዶ 38 ወጥቶ ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ላብ አጥምቋቸው ፒያሳ ሻይ ቤት ናቸው። ደግነቱ አስተናጋጁ ነቃ ብሎ ስኳር በጥብጦ ሰጣቸው። ካርዱ ላይ ስልክ ቢኖር ምን ነበረበት?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ አብሽር ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ተመላላሽ ታካሚ ስልኩን ይጻፍ፣ የቤተሰብም ይጨመር። ሐኪሙ ካልተገኘ ለታካሚው ራሱ እደውላለሁ። አንድ ወሰን ካላችሁም በፖታሲየም፣ በሶዲየም፣ በስኳር፣ በሄሞግሎቢንና ደም በሚያረጋው ፕሌትሌት እንጀምር። ሌላው በየተቋሙ ይሁን።

ሲስተር፦ ይሁን። ግን ስልኩን ያነሳው ሰው ቁጥሩን መልሶ ይንገርህ፣ ስሙና ሰዓቱም መዝገብ ላይ ይግባ። «ለነርሷ ነግሬያለሁ» ብሎ ነገር የለም። ለየትኛዋ?