ለመመረቂያ ጥናት የሚመደብ ገንዘብ በውድድር ይሰጥ ወይስ ለሁሉም ይድረስ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚመድበውን ገንዘብ ምርጥ ፕሮፖዛል ላቀረቡት ብቻ ይስጥ ወይስ ለሁሉም እኩል ያከፋፍል የሚል ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ውድድሩን እደግፋለሁ። ገንዘቡ እኩል ቢከፋፈል ለላቦራቶሪ ተማሪ የሚደርሰው ድርሻ ኬሚካል መግዣ እንኳ አይሆነውም፤ በቤተ መጻሕፍት ምንጮች ለሚሠራው ደግሞ ሊተርፈው ይችላል። ከዚህም በላይ ፕሮፖዛል መጻፍ ራሱ የጥናቱ አካል ነው፤ ጥያቄውን ያላጠበበና መረጃውን በምን ዘዴ እንደሚተነትን ያልወሰነ ተማሪ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውለው ሊያውቅ አይችልም።

የሶሲዮሎጂ ተመራቂ፦ መምህር እንዳሉት እኩል ማከፋፈል ፍትሐዊ አይደለም። ሆኖም ውድድሩ የሚመዝነው የተማሪውን ሐሳብ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አማካሪ ቀድሞ ያገኘና ረቂቁን ደጋግሞ የሚያርምለት ሰው ያለው ተማሪ፣ በዕረፍት ወራት ለመተዳደሪያው ተቀጥሮ ከሚሠራው ጓደኛው የተሻለ ፕሮፖዛል ቢያቀርብ አያስገርምም። የብዙዎቻችን ትልቁ ወጪ ጊዜ ሆኖ ሳለ በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ግን ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1969 በማርጋሬት ማክቪካር መሪነት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረው የተማሪዎች ምርምር ፕሮግራም ግን ተማሪው ለሚሠራው ምርምር ክፍያ ወይም የትምህርት ክሬዲት የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው ፕሮግራም ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚሠራው መምህሩ በያዘው ፕሮጀክት ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የተማሪው የራሱ ጥያቄ ሊሆን ይገባል፤ ለራሱ ጥያቄ ደግሞ ራሱ መሟገት አለበት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪ፦ ሁለታችሁም ገንዘቡ መቼ ይሰጥ የሚለውን አላነሳችሁም፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ኮሚቴው መጠይቁ ወይም የስምምነት ቅጹ እንዲስተካከል ከጠየቀ ሳምንታት ያልፋሉ። መጠይቁም በጥቂት ሰዎች ሳይሞከር ስንት ሰው እንደሚመልሰውና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ በትክክል መናገር አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ፕሮፖዛል ብቻ አይቶ ሙሉውን ገንዘብ መስጠት በግምት መስጠት ነው። እኔ የምለው፣ አማካሪው ጥያቄውን ላጸደቀለት ተማሪ ሁሉ ለቅድመ ሙከራ የሚበቃ አነስተኛ ገንዘብ ያለ ውድድር ይሰጥ፤ ተጨማሪ የሚፈልግ ከሙከራው ያገኘውን ይዞ ይወዳደር።

የታሪክ ተማሪ፦ ለእኛ ቅድመ ሙከራ ማለት መዝገብ ቤት ድረስ ሄዶ የምንፈልገው ሰነድ መኖሩንና ለተመራማሪ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ከመጣ ግን ያላየነውን ሰነድ አለ ብለን እንድንጽፍ እየተገደድን ነው ማለት ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ይህን እቀበላለሁ። ሁለተኛው ዙር ግን ጥብቅ ይሁን፤ ሙከራው ያልሠራለት ተማሪ ገንዘብ አይጨመርለት።

የሶሲዮሎጂ ተመራቂ፦ በዚህ አልስማማም። ሙከራው ያልሠራው ተማሪው ስለ ዘነጋ ነው ወይስ የተመረጠው ዘዴ ለጥያቄው ስላልተስማማ? ሁለተኛውን ምክንያት ለይቶ ያወቀና ዕቅዱን ያሻሻለ ተማሪ ምርምር ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ገንዘቡ የሚገባውም ለእርሱ ነው።